የቮልስ የፊት መስታወትና የመስታወቱ ዙሪያ ጎማ አቀያየር፦ መጀመሪያ ዝገቱን እዩ

ሰኔ ሲቃረብ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «የፊት መስታወቱ ውሃ ያስገባል፤ ዙሪያውን ምን ልቀባው?» የኔ መልስ አይለወጥም። ምንም አትቀቡት። መስታወቱን አውጡና ዙሪያውን ከያዘው ጎማ ሥር ያለውን ላሜራ እዩ።

ጎማ ያረጃል፤ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩ ይከብዳል፣ ጎማውንም ቶሎ ያደርቀዋል። ግን ውሃ ለዓመታት ሲያስገባ የቆየ መስታወት ላይ ችግሩ ከጎማው አልፏል። ጎማው የሚቀመጥበት የላሜራ ጠርዝ ተበልቷል። እዚያ ላይ የቱንም ያህል ውድ ጎማ ብትገጥሙ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው መስታወት መግጠም አይደለም። ዝገት ማጽዳት ነው።

ምሳሌዬን በቮልስ ላይ አደርጋለሁ። በከተማችን እስካሁን የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ ሥራውም ለመማር ይመቻል። ላዳ ያላችሁም ከዚህ ብዙ ትወስዳላችሁ፤ የአገጣጠሙ ሐሳብ ይቀራረባል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። ይህ መመሪያ መስታወታቸው በጎማ ለተያዘ መኪናዎች ብቻ ነው። አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ መስታወቱ በጠንካራ ማጣበቂያ ከአካሉ ጋር ተለጥፏል፤ የመኪናውን ጥንካሬ የሚጠብቅ አንድ ክፍልም ነው። እሱን ለባለሙያ ተዉት። ለመለየት በሩን ከፍታችሁ ከውስጥ በኩል የመስታወቱን ዙሪያ ዳብሱ። ለስላሳ የጎማ ከንፈር ላሜራውን ታቅፎ ካገኛችሁት የእናንተ መኪና በጎማ የተያዘ ነው።

መስታወቱን ከመግዛታችሁ በፊት

ቮልስ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ መስታወቱ ግን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1964 ሞዴል ድረስ የፊት መስታወቱ ጠፍጣፋና አነስ ያለ ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ መስኮቶቹ ሁሉ ሰፍተዋል፤ የፊቱም በጥቂቱ ጎበጥ ብሏል። ከ1973 ሞዴል ጀምሮ የመጣው 1303 የሚባለው ደግሞ በጣም የጎበጠ፣ ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ የማይለዋወጥ መስታወት አለው። ጣሪያው የሚታጠፈው ቮልስም የራሱ ልክ አለው። ሻጩ «የቮልስ ነው፣ ይገባል» ስላለ ብቻ አትክፈሉ። የመኪናውን ሞዴል ዓመት ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለ አሮጌውን ጎማ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ጠፍጣፋ መስታወት ያለው ቮልስ ባለቤት ዕድለኛ ነው። ሁለት ንብርብር ከሆነው የደህንነት መስታወት በልክ ማስቆረጥ ይችላል። ለድሮው ላንድሮቨርም ይኸው ይሠራል። የጎበጠውን ግን ማንም ቆርጦ ሊያወጣላችሁ አይችልም፤ ተሠርቶ የመጣውን መፈለግ ነው።

ተራ የመስኮት መስታወት በፍጹም አታስገቡ። ሲሰበር እንደ ቢላ ስለታም በሆኑ ትላልቅ ቁርጥራጮች ፊታችሁ ላይ ይወርዳል። ለፊት የሚሆነው ላሚኔትድ የሚባለው ነው። ሁለት መስታወቶች በመካከላቸው ባለ ግልጽ ፕላስቲክ ተጣብቀዋል። ድንጋይ ቢመታው ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። ቴምፐርድ የሚባለው አንድ ንብርብር ነው፤ ሲሰበር በአንዴ ወደ ትንንሽ ፍርፋሪ ይለወጣል፤ በዚያች ቅጽበት መንገዱ አይታያችሁም። አንዳንድ የድሮ ቮልሶች ከፋብሪካ የወጡት በቴምፐርድ ነው። የምትለውጡ ከሆነ ወደ ላሚኔትድ ለውጡ። ዓይነቱ በመስታወቱ አንድ ጥግ ላይ ባለው ትንሽ ጽሑፍ ተገልጿል። ጽሑፉ ባይነበብ ጠርዙን ከጎን አስተውሉ፤ ላሚኔትድ ከሆነ በመሃል የምታልፍ ቀጭን መስመር ትታያችኋለች።

ወደ ላሚኔትድ ስትለውጡ የመስታወቱን ውፍረት ለኩ። ጎማው ላይ ያለው ቦይ ለቀድሞው ውፍረት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ገጠማውን ያከብደዋል።

ከአሮጌ መኪና ላይ የወረደ መስታወት መግዛት ነውር የለበትም። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ግን መሃሉን ሳይሆን ጠርዙን መርምሩ። ጠርዙ ላይ ያለች የጥፍር ስባሪ የምታህል ቁራጭ የነገ ስንጥቅ መነሻ ናት። ጣታችሁን ሳይሆን የእጅ ባትሪ ብርሃን በዙሪያው አሳልፉ። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ከጠርዙ ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነም ተዉት፤ እርጥበት ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ስለ ጎማው

ለቮልስ በዋናነት ሁለት ዓይነት ጎማ ይገኛል። አንዱ ጌጥ የሌለው፣ ድፍን ነው። ሌላው አንጸባራቂው አሉሚኒየም የሚገባበት ተጨማሪ ቦይ አለው። ሁለቱም ውሃ ይከላከላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ጌጥ የሌለው ይቀላል። የመኪናውን የቀድሞ መልክ መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ግን ባለ ጌጡን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ ቮልስ ላይ ያ መስመር ያምራል።

ስትገዙ ጎማውን አንድ ቦታ ላይ እጠፉት። ትንንሽ ስንጥቅ ካሳየ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ነው። ጥግ ጥጉ ከፋብሪካው ቅርጽ ይዞ የወጣውን ምረጡ። በሜትር የሚሸጠው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዳችሁ ከዙሪያው ልክ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝማችሁ ቁረጡ። ጎማ እያደር ይሰበሰባል፤ በልኩ የተቆረጠ ሲሰበሰብ መጋጠሚያው ይከፈታል። መጋጠሚያውን እኔ ከላይ መሃል ላይ አደርገዋለሁ፤ ውሃ የሚቆመው ከታች ስለሆነ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አንድ ረዳት የግድ ነው። ይህን ሥራ ብቻችሁን አትሞክሩ። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ፣ ከተር፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ጫፉ የደነዘዘ ማንኪያ መሳይ ነገር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ዝገት ማጥፊያ ፈሳሽ፣ ከቀለም በፊት የሚቀባ ኤፖክሲ ፕራይመር ወይም ጥሩ አንቲረስት፣ ቀለም፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለስላሳ የናይለን ገመድ፣ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው። ሻካራ ሲባጎ አይሆንም፤ ጎማውን ይቆርጠዋል። ርዝመቱን ለማወቅ ገመዱን በመስታወቱ ዙሪያ አዙሩና ግማሽ ሜትር ጨምሩበት።

ካቻቢቴ አልጠቀስኩም። መስታወት አጠገብ እንዳይደርስ። የብረት ጫፍ የመስታወት ጠርዝ ከነካ ያ መስታወት አለቀ።

ጊዜውንም ምረጡ። ከጥቅምት ጀምሮ ያለው በጋ ጥሩ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጎማውን ያጠነክረዋልና ከረፋዱ በኋላ ጀምሩ። በክረምት ግድ ከሆነባችሁ መኪናው ለቀናት ያለ መስታወት የሚቆምበት መጠለያ አዘጋጁ።

አሮጌውን ማውጣት

ኮፈኑ ላይና ዳሽቦርዱ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉ። የዝናብ መጥረጊያዎቹን ክንዶች ፍቱ። ከውስጥ የኋላ ማሳያ መስታወቱንና የፀሐይ መከላከያዎቹን አውርዱ።

አሮጌውን ጎማ ለማዳን አትሞክሩ። የደረቀ ጎማ ተመልሶ አይገጥምም። ከውጭ በኩል መስታወቱ ላይ የተኛውን የጎማ ከንፈር በከተር ዙሪያውን ቁረጡት፤ የመስታወቱ ጠርዝ በሙሉ እስኪታይ። ጌጡን መልሳችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ መጀመሪያ እሱን በቀስታ አውጡ። ስስ አሉሚኒየም ነው፣ አንዴ ከተጣመመ አይቀናም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቮልስ ላይ የጣሪያው ልባስ ጫፍ የላሜራውን ጠርዝ ጠቅልሎ በማስቲሽ ተለጥፎ ከጎማው ሥር ይገባል። ከተሩ ጠልቆ ከገባ ልባሱን ይቀደዋል። ያ ከተቀደደ ጣሪያውን በሙሉ ማስለበስ ሊመጣ ነው። ስለዚህ ቢላው ወደ መስታወቱ እንጂ ወደ ላሜራው አይዙር።

ከንፈሩ ከተቆረጠ በኋላ አንዳችሁ ከውስጥ በመዳፍ ከላይኛው ጥግ ጀምራችሁ ግፉ። ሌላው ከውጭ ይቀበል። በጡጫ አትምቱ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ከሁለቱም በኩል ስኮች ለጥፉበት፤ ፍርፋሪው አየር ማስገቢያው ውስጥ እንዳይገባ።

ዋናው ሥራ፦ ላሜራው

አሁን ራቁቱን የቀረውን ጠርዝ እዩ። የታችኞቹ ሁለት ጥጎች ላይ ቆዩ። ውሃ እዚያ ይሰበሰባል፤ ዝገቱም እዚያ ነው የሚጀምረው። የቀድሞ ሲልኮን ካለ በሙሉ ፍቁት። ሲልኮን ላይ ቀለም አይይዝም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲልኮን ደግሞ ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ባዶ ብረት ካገኘ ዝገቱን ያፋጥነዋል። «ሲልኮን ግጠምበትና እርሳው» የሚለው ምክር ለዚህ ነው የሚያናድደኝ። ውሃውን ለአንድ ክረምት ያቆመዋል። ላሜራውን ግን ከሥር እየበላ ይቆያል፤ ባለቤቱም አያይም።

በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ አጽዱ። ያበጠ ቀለም ካያችሁ ሥሩ ዝገት አለና ክፈቱት። በሹል ነገር ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ብረቱ ከጸና ደግ። ከተበሳ ብየዳ ያስፈልገዋል።

ብየዳ ከመጣ አንድ አደጋ አለ። ቮልስ ላይ የቤንዚን ታንከሩ ያለው ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ከመስታወቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ታንከሩ ሳይወርድ፣ ከአካባቢውም ሳይርቅ፣ ማንም ሰው ብየዳም ሆነ የድንጋይ መፍጫ እዚያ እንዳይጀምር። የመኪናው ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ እሱንም ፍቱት። ባትላሜራው «እርጥብ ጨርቅ እሸፍንበታለሁ» ቢላችሁ እሺ አትበሉት።

ተበይዶ ሲያልቅ የጠርዙን ውፍረት በእጅ ዳብሱ። ላሜራ በላሜራ ላይ ከተደረበ ወይም የብየዳ ጉብታ ከቀረ ጎማው አይቀመጥም። ያቺ ጉብታ መስታወቱን አንድ ነጥብ ላይ ትጫነዋለች። መስታወቱ ከገባ ከሳምንት በኋላ ማንም ሳይነካው የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለና አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው መሆን አለበት። ስቱኮም እዚህ ቦታ የለውም፤ ይፈረፈራል።

ከዚያ ዝገት ማጥፊያውን ቀቡ፣ በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ጠብቁና አጽዱ። ፕራይመሩን፣ ቀጥሎም ቀለሙን በስሱ ደጋግማችሁ ቀቡ። የጣሪያው ልባስ ጫፍ ተላቆ ከነበረ ቀለሙ ሲደርቅ መልሳችሁ በስሱ ማስቲሽ ለጥፉት፤ ታጥፎ እንዳይደራረብ።

አሁን ታገሡ። ቀለሙ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ለስላሳ ነው። ቸኩላችሁ ጎማ ከጫናችሁበት ይጣበቅና ይላጣል። ጥቂት ቀን ፀሐይ ያግኘው። ጥፍራችሁን ስትጫኑበት ምልክት ካልተወ ደርሷል።

ጎማውን መስታወቱ ላይ ማልበስ

መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ በብርድ ልብስ ላይ አስተኙት። ጠርዙን አጽዱ። ጎማውን ፀሐይ ላይ ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ሲሞቅ ይታዘዛል።

ከጥጎቹ ጀምሩ። አራቱም ጥጎች ከተቀመጡ በኋላ በመካከል ያለውን አስገቡ። አንዱ ጎን ላይ ትርፍ ጎማ ከተጠራቀመ ሳትጎትቱ በመዳፍ እየገፋችሁ ወደ ሌላው አከፋፍሉት። የላይኛውንና የታችኛውን፣ የውስጡንና የውጩን ጎን አታቀያይሩ። የአሮጌው ጎማ ቁራጭ እዚህ ይጠቅማችኋል፤ አጠገቡ አድርጋችሁ አመሳክሩ።

ባለ ጌጡን ጎማ የመረጣችሁ አሉሚኒየሙን አሁን አስገቡ፤ መስታወቱ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት። ከወጣ በኋላ ማስገባት ጌጡን ማጣመም ነው። ቦይውን በሳሙና ውሃ አርሱና ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ በደነዘዘው እንጨት ከንፈሩን እያነሣችሁ አስተኙት።

ገመዱ

ጎማው ላይ ላሜራው የሚገባበት ቦይ አለ። መስታወቱ ከገባበት ቦይ ሌላ ነው፤ እንዳታደናግሩት። ገመዱን በዚህ ቦይ ውስጥ ዙሪያውን አስገቡ። ሁለቱ ጫፎች ከታች መሃል ላይ ይገናኙና አንድ ስንዝር ያህል ይተላለፉ። የቀረው ጫፍ ወደ መኪናው ውስጥ የሚንጠለጠል ነው።

ቦይውንም የላሜራውን ጠርዝም በሳሙና ውሃ በደንብ አርሱ። ላርጎ በውሃ ማቅጠን ይበቃል። ግራሶ፣ ዘይት፣ ናፍጣ አይነካካው።

ረዳቱ መስታወቱን ከውጭ አምጥቶ ቦታው ላይ ያስቀምጥ። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ከፊት ቆማችሁ እዩ። በዚህ ደረጃ የአንድ ጣት መዛነፍ ኋላ በአንዱ ጥግ ላይ ጎማው አልደርስ ይላል። የገመዱ ጫፎች ውስጥ መሆናቸውን አረጋግጡ።

አሁን እናንተ ውስጥ ግቡ። ረዳቱ ገመዱ ባለበት ቦታ ላይ ከውጭ በመዳፉ ይጫን። እናንተ የገመዱን አንድ ጫፍ ወደ መስታወቱ መሃል አቅጣጫ በቀስታ ሳቡ። ገመዱ ሲወጣ የጎማው ውስጠኛ ከንፈር ላሜራውን እየተሻገረ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ሁለት ጣት ያህል ሳቡ፣ ቁሙ፣ እዩ። ረዳቱም መዳፉን አብሮ ያንቀሳቅስ። ከታች መሃል ወደ አንዱ ጥግ ሂዱ፣ ከዚያ ሌላውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ሌላው ጥግ። ታችኛው ሙሉ በሙሉ ከተቀመጠ በኋላ ጎንና ጎኑን እያፈራረቃችሁ ወደ ላይ ውጡ። የመጨረሻው የላይኛው መሃል ነው።

ጥጎች ላይ ገመዱ ይከብዳል። አትመንጭቁት። ሳሙና ጨምሩ፣ ረዳቱ ጠበቅ አድርጎ ይጫን፣ ከንፈሩን በደነዘዘው እንጨት አግዙት። አሁንም እምቢ ካለ መስታወቱ አልተቀመጠም ማለት ነው። አውጡትና ከመጀመሪያው ጀምሩ። መሸነፍ አይደለም፤ ልምድ ያላቸውም መልሰው ያወጡታል። መስታወት የሚሰበረው «ትንሽ ብቻ ቀረው» ተብሎ ሲገፋ ነው።

ገመዱ በሙሉ ሲወጣ ከውጭ ዙሪያውን በተዘረጋ መዳፍ መታ መታ አድርጉት። ከውስጥም ከንፈሩ ላሜራውን በሁሉም ቦታ መያዙን በጣት ተከታተሉ። ከዚያ መኪናው ፀሐይ ላይ ይቁም፤ ጎማው ሞቆ ቦታውን ይያዝ። በማግስቱ መጥረጊያዎቹንና የኋላ ማሳያውን መልሱ።

የውሃ ሙከራ

አንድ ሰው የእጅ ባትሪና ደረቅ ሶፍት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ሌላው በውሃ ጎማ፣ ካልሆነም በጆግ፣ ውሃ ያፍስስ። በኃይል ሳይሆን እንደ ዝናብ። ከታች ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ያዳርሰዋል፤ የገባበትን ቦታ አታውቁም።

ከጎማው አካባቢ ጠብታ ከታየ ያንን ቦታ አድርቁና የውጩን ከንፈር በእንጨቱ አንሡ። ከሥሩ የማይደርቅ፣ ለስላሳ ሆኖ የሚቆይ የመስታወት ማሸጊያ ጥቂት አስገቡ። ለዚህ ብቻ ነው ማሸጊያ የምፈቅደው፤ ያውም ከታች ያለው ላሜራ ንጹሕና የተቀባ መሆኑን ስላወቅን።

መስታወቱ ዙሪያ ደረቅ ሆኖ ወለሉ ግን እየረጠበ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጎማውን አትውቀሱ። የመጥረጊያዎቹ ዘንግ የሚወጣባቸው ትንንሽ ጎማዎች ያረጁ እንደሆነ እዩ። ከ1968 ሞዴል ወዲህ ባሉት ቮልሶች ደግሞ ከመስታወቱ ፊት ኮፈኑ ላይ ያለው አየር ማስገቢያ የውሃ መውረጃ ቱቦ አለው። ቱቦው በቅጠል ሲደፈን ወይም ሲወልቅ ውሃው ወደ ውስጥ ይዞራል። የኮፈኑን ጎማም አትርሱ። በየትኛውም በኩል የገባ ውሃ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ሽቦና ፊውዝ ያገኛል፤ ከዚያ ምንጣፍ ሥር ገብቶ ወለሉን ይበላል። ምንጣፉን አንሥታችሁ ወለሉን አድርቁ።

ከዚያ በኋላ

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት መኪናውን በከፍተኛ ግፊት አታሳጥቡ። አጣቢዎች ጎማውን ለማጥቆር ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል፤ ከልክሏቸው። ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል፤ ጎማውን ግን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። በዚያ ምትክ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ጥቂት ግሊስሪን በጨርቅ አሹት። አንዴ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንዴ ደግሞ መስከረም ላይ ብታደርጉት ይበቃዋል። በዚያው የታችኞቹን ሁለት ጥጎች ዳብሱ፤ ከጎማው ጎን ቀለሙ ማበጥ ከጀመረ ዝገቱ ሥር ሳይሰድ አሁኑኑ ክፈቱት።